ታውኖ ትኬት የቆረጠበት ሐሙስ

ወንድሜ ታውኖ እንደ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ወደ ተራራው የከበረ ድንጋይ ማዕድን ሊወጣ ነው ሲባል መንደሩ ሁሉ ጤንነቱን ተጠራጠረ። ሰውየው እኮ አሥራ ሰባት ክረምት ሙሉ ጎብኚ ጭኖ እዚያው ተራራ ላይ ሲመላለስ የኖረ ነው። ባለ ሰንሰለቱን የበረዶ መኪና ያስነሳል፣ ተጎታቹን ከኋላ ያስራል፣ ጫካውን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ይወርዳል። በእረፍት ቀኑ ደግሞ ከፍሎ ሊወጣ? እኔ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ምክንያቱ ሲርካ ናት።

ሲርካ የማዕድኑ አስጎብኚ ናት፤ ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ልጇም አድጋ ከተማ ገብታለች። እኔ እህቱ አይላ ደግሞ ከማዕድኑ ጉድጓድ አጠገብ ባለችው የእንጨት ጎጆ እሳት አነድዳለሁ፣ ለብርዳሙ ሁሉ ትኩስ የእንጆሪ ጭማቂ እቀዳለሁ። ከዚያች ጎጆ ሆኖ የማይታይ ነገር የለም። ታውኖ ጠዋት ጠዋት የሲርካን ጓንት ሞተሩ ላይ ያሞቅና አንገቱን ደፍቶ ያቀብላታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትቀበላለች። ይሄው ነው። ስንት ዓመት እንዲህ እንደቆዩ አትጠይቁኝ፣ ደሜ ይፈላል።

ከልጅነቱም እንዲሁ ዝምተኛ ነበር። እናታችን ነገሩ ቢያሳስባት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ አፉን አስከፍቶ አየና፣ “ምላስስ አለው” ብሎ መለሳት። አድጎ ጫካ ገባ፣ ግንድ ቆረጠ፣ የአጋዘን መንጋ ተከትሎ ከረመ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው የበረዶ መኪናው ላይ ወጣ። የማንም ሞተር ቢበላሽ የሚንኳኳው የእሱ በር ነው። አቅም ለሌላቸው ጎረቤቶቹ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናቸውን፣ ያንን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ያነድድላቸዋል። እሁድ እኔ ቤት መጥቶ አሣውንና ድንቹን ጥርግ አድርጎ ይበላና “ጥሩ ነው” ይላል። የሳምንቱ ወሬ በዚሁ አለቀ።

ያን ሳምንት ሰኞ ሲርካ ጎጆዬ ገባች።

“አይላ፣ ልጄ ኦውሉ ከተማ ቤት አግኝታልኛለች። ብቻሽን እዚያ በረዶ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ እያለች አስጨነቀችኝ። እስከ ሐሙስ ማታ መልስ ካልሰጠኋት ቤቱን ሌላ ሰው ይወስደዋል።”

“ታዲያ ምን ልትያት ነው?”

“እሺ ልላት ነው መሰለኝ። እዚህ የሚያስቀረኝ ምን አለ?”

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ነበር የምታየው፤ ውጭ ደግሞ ታውኖ የተጎታቹን መቀመጫ በረዶ እየጠረገ ነው። አንጀቴን በላችው።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስንመለስ ያዝኩት። “እስከ ሐሙስ ካልተናገርክ ትሄዳለች” አልኩት።

የቦት ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

“ሰምተሃል?”

“ሰምቻለሁ።” ቦት ጫማውን አውልቆ፣ ምድጃው ሥር አስቀምጦ፣ ደግሞ አስተካክሎ አስቀምጦ ሲያበቃ፣ “ባዶ እጄን አልናገርም” አለኝ።

ድንጋይ ሊሰጣት ፈልጎ ነው ለካ። ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው አሜቴስጢኖስ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ለዓይን የሚያሳሳ ድንጋይ ነው። ሠራተኛ መውሰድ አይፈቀድለትም። ጎብኚ ግን ራሱ ቆፍሮ ካገኘ፣ በጭብጡ የሚገባ አንድ ድንጋይ ይዞ ይሄዳል። “ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ?” ብለው፣ “የተገዛ የተገዛ ነው” አለኝ። በዚህ በዚህማ ግትርነቱ የእናታችን ልጅ ነው።

ሐሙስ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ገባ፤ ቢሆንም የየካቲት ፀሐይ ወጥታ ዛፉን ሁሉ አብርታዋለች። ታውኖን የተካው ሹፌር ፔንቲ የሚባል ለፍላፊ ነው፤ የልቡ ደረሰለት።

“ጌታው፣ ትኬትዎን ያሳዩኝ” አለው።

ታውኖ አሳየው።

“መንገዱ ትንሽ ያንገጫግጫል፣ እንዳይደነግጡ። የዘወትሩ ሹፌር እንደሆነ ዛሬ ሥራ ጠልቶ ቀርቷል።”

“ንዳ” አለው ታውኖ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ኪሴን እዳብሳለሁ። ኪሴ ውስጥ የራሴ አሜቴስጢኖስ አለ። ገና ሳልቀጠር፣ በጎብኚነት ዘመኔ በእጄ ያወጣሁት፣ ስንት ዓመት የኩሽናዬ መስኮት ላይ የኖረ ድንጋይ ነው። ታውኖን አውቀዋለሁና መጠባበቂያ ይዤ መውጣቴ ነው።

ጉድጓዱ ለክረምት ጣራ ተሠርቶለታል። ሲርካ የዘወትር ማብራሪያዋን ልትጀምር ስትል ከአሥራ አራቱ ጎብኚዎች መካከል ታውኖን አየችው። ጉንጯ ቀላ። ጠዋት መንገድ ላይ ከፔንቲ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ስለመጣች አላየችውም ነበር። ግን ሥራ ሥራ ነውና በወጉ ጠየቀችው።

“እርስዎስ፣ ከዚህ በፊት ማዕድን ገብተው ያውቃሉ?”

“እስከ በሩ” አላት።

ጎብኚዎቹ ሳቁ፤ እሷ ግን ምን ፈልጎ እንደመጣ ገብቷት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ፊቷን አዙራ መቆፈሪያ ማደል ጀመረች።

አንድ ሰዓት ይቆፈራል። ከቱርኩ ከተማ የመጡ አንዲት ባልቴት ገና ጓንታቸውን ሳያስተካክሉ አንድ አገኙ። ባልና ሚስቱ አገኙ። አንዱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲነካካ የቆየ ሰውዬ እንኳን እግሩ ሥር አገኘ። የኔ ወንድም የውኃ ጉድጓድ የሚያወጣ ይመስል አፈሩን ይከምራል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ከእጁ የሚገባው ተራ ድንጋይ ነው። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሩብ ሰዓት ቀረ። በዚህ ጊዜ ሆዴ አልችል አለ። ጭማቂ የማድል መስዬ በአጠገቡ ሳልፍ፣ እሱ ላቡን ሊጠርግ ቀና ሲል ድንጋዬን ከቆፈረው አፈር ላይ ጣል አድርጌ አለፍኩ።

አገኘው። አነሳው፣ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። እሰይ ልል ስል ቀና ብሎ አየኝ። እሁድ እሁድ ምሳ ሲበላ ፊት ለፊቱ የሚያየውን ድንጋይ እንዴት አያውቀው? ኪሱ ከተተውና ቁፋሮውን ቀጠለ። አይ የኔ ነገር። እንዲያው በግንባሩ ቢደፋ እንኳን የማላነሳው መሰለኝ፣ ያን ያህል ተናደድኩ።

ደወል ተደወለ። ሲርካ በሩ ላይ ቆማ የየሰዉን መዳፍ እያየች “መልካም መንገድ” ትላለች። ታውኖ ሁሉንም አሳለፈና መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ፤ ድንጋዬን እጄ ላይ አስቀመጠ።

“የመስኮትሽ ነው” አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከዚያ ሲርካ ፊት ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጭቃ ብቻ።

“ምንም አላገኘህም?”

“ምንም።”

“አንድ ሰዓት ሙሉ ቆፍረህ?”

“ለአንቺ ነበር የፈለግሁት።”

ጎብኚዎቹ ወደ ተጎታቹ መሄዱን ተዉት። ፔንቲ ሞተሩን አጠፋ።

“ለእኔ ለምን?” አለችው። ታውቃለች እኮ። ግን ከአፉ መስማት ፈለገች፤ እኔም ብሆን አልለቀውም ነበር።

ታውኖ ጭቃውን ሱሪው ላይ ጠረገ። “ኦውሉ አትሂጂ ልልሽ። ባዶ እጄን ማለት ከበደኝ። ጠዋት ተነስቼ ሞተር የማስነሳው አንቺን ወደዚህ ለማምጣት ነው። ሌላው ሰው…” አለና ዙሪያውን የቆሙትን አየ፣ “…ሌላውም ሰው ጥሩ ነው። ግን ለአንቺ ነው።”

አንድ ሰው ሳቅ አፈነው። ሲርካ አልሳቀችም። ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና ስልኳን አወጣች። እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ እንፋሎት ከአፏ እየወጣ፣ ልጇ ጋ ደወለች።

“ቤቱን ለሌላ ሰው ስጡት በያቸው” አለች። “አይ፣ ደህና ነኝ፣ አላመመኝም። ታውኖ ተናገረ።”

ከስልኩ ወዲያ የልጅቷ ጩኸት እኔ እስካለሁበት ተሰማ።

“አዎ” አለች ሲርካ፣ እንባዋን በባዶ እጇ እየጠረገች፣ “በአፉ።”