የክርስትና ስሙ

ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ስሳፈር አጠገቤ አንዲት ተማሪ አቀርቅራ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ልጁን ገደሉት፣ አባባ!»

«በስመ አብ! እነማን?»

«መንግሥት ነዋ! ወጣቶቹ አመፁ ብሎ!»

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ። ከኋላችን የነበሩት ሰውዬ «ወራጅ አለ!» ብለው ምንም በሌለበት ቦታ ወረዱ። እኔም ልውረድ ወይስ ላጽናናት? በቃ ግራ ገባኝ። ሐዘንተኛ ጥዬ ብወርድ እግዜር ምን ይለኛል ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ነፍሱን ይማረው። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፣ በጸሎት አስበዋለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ከጭኗ ላይ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አንስታ አሳየችኝ።

«የክርስትና ስሙን ደራሲዋ አልጻፈችውም፣ አባባ» አለችኝ፤ «ይሄ ደግሞ የመጨረሻው ክፍል ነው።»

ለቅሶዋን ቀጠለች።