ከአፈር ሥር የተጠራ ስም

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከቤቴ ደጅ፣ ሰሞኑን ለውኃ ቧንቧ ቦይ ተቆፍሯል። ሳንቃ አጋድመውልኝ ነበር፤ ግን አንዱ ቆፋሪ ደረቱ ድረስ አፈር ውጦት «ይለፉ እማማ፣ አይዞዎት» ሲለኝ ሳልሻገር ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ሰሜን ጦር ግንባር ምሽግ ውስጥ ነው የቀረው። መቃብር የለውም። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ በነበረው ቤታችን ወሬው የገባው በጥቅምት፣ የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይጠነክር ነበር። ያመጣው የጦር ጓደኛው ሰይድ፣ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው። ቀኝ እጁ ከክርኑ ተቆርጧል። የእኛን ሥጋ ስለማይበላ እናቴ ዓሣ ጠበሰችለት፤ እሾሁን እኔ ለቀምሁለት።

«ይበልጣል ያንን ድንጋይ ኮቾሮ በሰጡን ቁጥር የጣናን ዓሣ እያነሣ ያስጎመጀን ነበር፤ እውነቱን ኖሯል!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አልቆየም።

«ንጋት ላይ መድፍ ወረደብን እትዬ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ራሱ ተቆርጦ ጭኔ ላይ ወደቀ። ምሽጉ ሲደረመስ የሞተውን እየረገጥን ሮጥን። ስረግጠው ያቃሰተም አለ። ከአፈሩ ሥር አንድ ሰው ‹ወልደ ጊዮርጊስ ነኝ! ወልደ ጊዮርጊስ ነኝ!› እያለ ይጮሃል። በጥፍሬ ቆፈርሁ። ጣቶቹን አገኘኋቸው፤ ጨምድዶ ያዘኝ። ሁለተኛው መድፍ ሲወድቅ እጄንም እሱንም ወሰደው።»

«ይበልጣልስ?» አለች እናቴ።

«አላየሁትም። ተማርኮ ይሆናል። ያ ሰውዬ ግን የእኛ ጓድ አይደለም፤ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል አልነበረንም።»

ወልደ ጊዮርጊስ የወንድሜ የክርስትና ስም ነው። ከእኛና ከንስሐ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሰይድማ ከየት ይወቀው? ሲዘምት እናቴ አንገቱን አቅፋ «ክፉ ቀን ከመጣ የክርስትና ስምህን ጥራ፤ የሰማ ያስጸልይልሃል» ብላው ነበር።

ዞሬ አየኋት። ፊቷ አልተለወጠም።

«ብላ እንጂ የኔ ልጅ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

በማግሥቱ የሚያውቀን ሰው ወደሌለበት ወደ ዘጌ በጀልባ ወሰደችኝ። መሐል ሐይቅ ላይ «እማዬ፣ እሱ እኮ...» ስል በጥፊ መታችኝ። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሙ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ።

«ልጄ ተማርኳል!» አለች።

ዘጌ ስንደርስ ቄሱን እጅ ነሥታ «ፍትሐት ይደረግልኝ አባ። ለአንድ ለማላውቀው ወታደር ነው፤ ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል» አለቻቸው።

ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ጥቁር ሳትለብስ፣ በየዓመቱ ለ«እንግዳው ወታደር» እያስጸለየች አረፈች። እኔም በእሷ ቃል ቀጠልሁ። ፈጣሪን መዋሸት ነው ብዬ ንስሐ ልገባበት ያሰብሁበት ጊዜ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ውሸት አይመስለኝም፤ ነፍሱን ለእግዚአብሔር ሰጥታ፣ ልጇን ለራሷ አስቀርታው ነው የኖረችው።

ባለፈው እሑድ፣ ያንን ቆፋሪ ባየሁ በማግሥቱ፣ የዚህ ደብር ቄስ ስሙን ሲጽፉ እንደ ልማዳቸው «ያ የማታውቂው ወታደር ነው?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ አባ። ወንድሜ ነው» አልሁ፤ ነጠላዬንም አዘቅዝቄ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ ያስቀረችውን ሰጠሁባት። ይቅር ትበለኝ።