የሸዋገነት ብስባሽ

መምህርት ሸዋገነት ከቤቴል ታክሲ ስትሳፈር የልጣጭ ፌስታል ከእጇ አይጠፋም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታበስለው ለራሷ ብቻ ስለሆነ የቤቷ ልጣጭ ለቁም ነገር አይበቃም፤ የቀረውን ከጁስ ቤት ትለምናለች። ረዳቱ አፍንጫውን ይይዛል። እሷ እቴ! ደንታም የላት።

ልጣጩ የሚሄደው ነገ አስተማሪ የሚሆኑ ወጣቶችን ወደምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ነው። አፈርና ውሃ ሳያባክኑ መኖርን ለተማሪዎቻቸው እንዲያሳዩ ታሠለጥናቸዋለች። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ደግሞ ልጣጭና ቅጠል ከምራ ለአፈር ማዳበሪያ የሚሆን ብስባሽ ታዘጋጃለች። ጠዋት እጇን ክምሩ ውስጥ ስትሰድ ይሞቃታል። እጇን የሚያሞቅላት ሌላ ነገር አልነበራትም፤ ብቸኝነት ከቆሻሻም ጋር ያወዳጃል።

ተማሪዎቿ “ቲቸር፣ እናግዝዎት?” ሲሏት “ተዉት ልጆቼ፣ ልብሳችሁ ይቆሽሻል” ትላለች። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እያለች የምታስተምር ሴት ሃምሳውንም ብቻዋን ተሸክማ ትዞር ነበር።

ዘንድሮ የምታስተምረው ትምህርት ይቅር የሚል ሐሳብ ተነሣና የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ሊጎበኛት ቀጠሮ ያዘ። “ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፤ ብስባሻችንን ካዩ አይዘጉብንም” አለቻቸው ተማሪዎቿን።

ሰኞ ስትደርስ ግቢው ተጠርጓል፤ ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። ክምሩ ግን የለም። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፤ ልጆቹም እሑድ ሲለፉ ውለው ክምሩን ለቆሻሻ መኪና አስረክበውላታል።

“ቲቸር፣ ብስባሹን ከየት እናምጣው?” አለች ናዝራዊት የምትባለው ተማሪ፣ ደስ ብሏት። ክምሩ ተራ ቆሻሻ፣ የደረሰው ብስባሽ ደግሞ በጆንያ ታስሮ መጋዘን የተቀመጠ መስሏቸው ነበር። በፈተና ግን ሁሉም ስለ ብስባሽ አሳምረው ጽፈዋል።

ኮሚቴው ንጽሕናውን አመሰገነ፤ የሚታይ ሥራ ግን አላገኘምና ትምህርቱ በዚህ ዓመት እንዲያበቃ ወሰነ።

ሸዋገነት ኖራ የተቀባው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ ፈለገች፤ ለእሷ ብለው የለፉትን ልጆች ምን ብላ ትቆጣ? የዛሬው ፌስታል ገና እጇ ላይ ነበር።

ናዝራዊት ነገሩ ገብቷት እያለቀሰች መጣች። “ይስጡኝ፣ እኔ ልያዘው።”

“ልብስሽ...” ብላ ሸዋገነት ጀመረችና ተወችው። ፌስታሉን ሰጠቻት።

ናዝራዊት በነጭ ሸሚዟ ባዶው መሬት ላይ ተንበረከከች። “ከምን ልጀምር?”

ሸዋገነት ለማንም አሳይታ አታውቅም፤ ከድንጋዩ ተነሥታ አጠገቧ ተንበረከከች።