መደብ የሌለው ገበያ

ሂዳያ አሊዪ ሸዋ ሮቢት ገበያ ማሾ መሸጥ የጀመረችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። የምትቀመጥበት መደብ የእናቷ ነበር። በግራዋ ደብሪቱ ሽንኩርቷን፣ በቀኟ ሰሊማ በርበሬዋን ይዘው ይቀመጣሉ። ደብሪቱ ወልዳ አራስ ቤት ስትከርም እንኳ ቦታዋ ላይ አንዲት ድንጋይ ተቀምጣ ትጠብቅላት ነበር እንጂ ማንም አልደረሰባትም። የዚያ አገር ገበያ እንዲያ ነው። ሰው መንገድ ሲጠየቅ «ከሰሊማ አለፍ ብለሽ» ይላል። ሰሊማ ደግሞ ካለችበት ንቅንቅ አትልም።

ሂዳያ ሙምባይ የገባችው ይህንኑ ልማድ ይዛ ነው።

ባሏ ሰዲቅ ልቡን ታሞ ነበር። ማሳ ውስጥ አረም ሲነቅል ሁለት ጊዜ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሐኪሞቹ ውጭ አገር ካልሄደ አይድንም ስላሉ ዘመድ አዝማዱ ተረባርቦ ሁለቱንም ሕንድ አገር ላካቸው። እዚያ ኢዮብ የሚባል የደብረ ሲና ሰው ተቀበላቸው፤ ለትምህርት ሄዶ እዚያው የቀረ፣ ላገሩ በሽተኞች እያስተረጎመ የሚኖር ጎልማሳ ነው።

ልቡ የሚከፈትበት ዕለት ደረሰ። የሚገባው በቀትር ነው። ሰዲቅ እህል አትቅመስ ተብሏል፤ ሂዳያም አብራው ጦሟን አድራለች።

«አንቺን ማን ይቀድሻል? ሂጂና ብይ እንጂ» አላት።

«መጀመሪያ አውፍ እንባባል፣ የራቢዓ አባት።»

በእስላሙ ዘንድ ባልና ሚስት ሞት የሚያሰጋ ነገር ሲመጣባቸው እንዲህ ይቅር ይባባላሉ። አውፍ ሳይባባሉ መለያየት ለቀረው ሰው የዕድሜ ልክ ሸክም ነው።

«በባዶ ሆድሽ የምትይውን አውፍ አልቀበልም» ብሎ ሳቀባት። «በልተሽ ነይ። የኔ ጥፋት ብዙ ስለሆነ ጉልበት ይፈልጋል።»

«እኔ ልግዛልዎት፣ እትዬ» አለ ኢዮብ።

«አንተ እሱን ጠብቅ። ሐኪሞቹ ቢመጡ በምን አፉ ያናግራቸዋል?»

«እንግዲያው ከበሩ ብዙ አይራቁ። ደግሞ ሥጋ አይንኩ፤ ማን እንዳረደው አይታወቅም።»

ሂዳያ ወጣች። ስልኳ እዚያ አገር አይሠራም። የሆስፒታሉንም ስም አፏ አልያዘላትም፤ መንገዱን ግን እንደ አገሯ ያዘችው። በሩ ላይ ኮኮናት የሚሰነጥቅ ሽማግሌ፤ ከሱ በስተቀኝ አበባ በክር የምትሰካ ሴት፤ ከሷ ማዶ ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ፣ ጓቫውን፣ ቆርጦ ጨውና ሚጥሚጣ የሚነሰንስበት ባለጋሪ። ሰው እንደ ጎርፍ ይተማል፤ ጥሩምባው ጆሮ ይበጥሳል። እሷ ግን «ሽማግሌው፣ አበባዋ፣ ዘይቱኑ» እያለች ዚክር እንደሚያደርግ ሰው እየደጋገመች ሄደች። ከጠባብ መንገድ ጥግ፣ ግድግዳ ተደግፋ ድንች በሽምብራ ሊጥ እየነከረች የምትጠብስ ሴት አገኘች። ሻሽ አስራለች። ሂዳያ ደስ አላትና «አሰላሙ ዐለይኩም» አለች። ሴትየዋም መለሰችላትና ሁለቱን በዳቦ አድርጋ በጋዜጣ ጠቀለለችላት።

ስትመለስ ዘይቱኑ የለም።

የተሳሳተች መሰላትና ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና መጣች። ጋሪው ቆሞበት በነበረው ቦታ ፕላስቲክ ጫማ የከመረ ሰው ቆሟል። አበባዋም የለችም። ወዲያው አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ፣ ጫማ ሻጩም፣ ሙዝ ሻጩም፣ ሁሉም ጋሪውን እየገፋ እግሬ አውጪኝ አለ። ደንብ አስከባሪ መሆኑ ያኔ ገባት። በዓይን ጥቅሻ ገበያው ሁሉ ተነቅሎ ሄደ። ከገበያው ጋር መንገዷም ሄደ።

አንዱን መንገድ ይዛ ሄደች፤ ባሕር አየችና ደንግጣ ተመለሰች። ሌላውን ያዘች፤ ባቡር ጣቢያ አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፤ የቆላ ሰው ናት፣ ሙቀቱ አይደለም ያላባት። «ሳያየኝ ሊገባ ነው። አውፍ ሳይለኝ። ያ ረቢ፣ ምን ሆዴን አስቀደመኝ!» ቢርባት እንኳ የያዘችውን አልቀመሰችም።

የመጥበሻው ዘይት ሽታ መርቶ እዚያችው ጠባሽ ዘንድ መለሳት። ሴትየዋ አሁንም ግድግዳዋን ተደግፋ ትጠብሳለች። ሂዳያ ቋንቋ ቢያጥራት፣ አባቷ በልጅነቷ አሊዩ አምባ ከተማ ካስቀሯት ቁርኣን የቀረላትን አንድ የዐረብኛ ቃል፣ ልብ የሚለውን፣ ይዛ ደረቷን መታች፤ «ቀልብ! ቀልብ!» ቀጥላም በጣቷ ደረቷን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው፤ ፀሐይዋንም አሳየቻት።

ሴትየዋ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ መጥበሻዋን በትሪ ከደነች፤ ለጎረቤቷ አንድ ነገር ጮኸችና የሂዳያን እጅ ለቀም አድርጋ መሮጥ ጀመረች።

ፍርሃቷ ባሰ። ወዴት ነው? በቤት ጓሮ፣ በልብስ ማስጫ ሥር፣ ሁለት ሰው በማያሳልፍ ጨለማ መተላለፊያ ትጎትታታለች። «ወስዳ ብትሸጠኝስ? ማን ይጠይቀኛል?» እጇን ልትነጥቅ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሴትየዋ ብረት ናት። ድንገት ወደ ብርሃን ወጡ፤ የሆስፒታሉ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሟል።

ሂዳያ ሴትየዋን ሳታመሰግን ሮጠች። ይኸ እስከ ዛሬ ይከነክናታል።

ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ አልጋውን እየገፉት ነው። ኢዮብ ከነርሶቹ ጋር ይከራከራል፤ «አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ!»

«ገበያ ወጥተሽ ቀረሽ አይደል?» አላት ሰዲቅ። ምላሱ ከመድኃኒቱ የተነሳ ከብዶታል።

«አውፍ በለኝ! እኔ ብዬሃለሁ፣ ሁሉንም፣ የረሳሁትንም!»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በሩ ተዘጋ።

«አለ? አለኝ ወይ?» ብላ ኢዮብን ሸሚዙን ያዘችው።

«ብሏል፣ እትዬ።»

«ሰምተሃል?»

ኢዮብ ፊቱን ወደተዘጋው በር አዞረ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ማታ አስገቧት። ሰዲቅ አፉ ውስጥ ቱቦ ገብቶ ተኝቷል፤ ሕይወቱ ግን አለ። ዓይኑን ሲገልጥ አላህን እንኳ ሳታመሰግን «አውፍ ብለኸኛል?» አለችው። ጨፈነና ገለጠ።

«እሺ ማለታቸው ነው» አለ ኢዮብ።

ሂዳያ ግን ቱቦው ወጥቶ በአንደበቱ እስኪነግራት ድረስ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንደፈራች ቆየች።