ኮፍያው ውስጥ የቀረው ወረቀት

የታጠፈ ወረቀት አልወድም። በፈተና ሰዓት ተማሪዎቼ ወረቀት አጥፈው ሲቀባበሉ ካየሁ ከሌላው መምህር ሁሉ ይልቅ እቆጣለሁ። እነሱ ኩረጃ ስለምጠላ ይመስላቸዋል። ኩረጃስ ቀላል ነው። እኔን ዕድሜ ልኬን የሚከተለኝ ሌላ ወረቀት ነው፤ ከደብተር የተቀደደ፣ ሁለት ጣት የማይሞላ።

እኔ የላንቴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሙዝ ያለማል። ጓደኛዬ የጫሞ ሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተማርን፤ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ስንመደብም ዕድል ሆኖ ሁለታችንም እዚያው አርባ ምንጭ ደረሰን። ግቢ በገባን በሳምንቱ ዲፓርትመንት ምረጡ ተባለና ዶርሙ ገበያ መሰለ። ባዮሎጂ ያጠና የወባ ምርምር ይገባል የሚል አለ። ኬሚስትሪ ያጠና ሳሙና ፋብሪካ ይቀጠራል የሚል አለ። አዋቂ ሆኖ የሚመክረው ሁሉ እንደኛው ፍራሹን ገና ያልለመደ አዲስ ገቢ ነበር።

ጓደኛዬ ወሬውን አይሰማም፤ የሚፈልገውን ያውቃል። በአባቱ መረብ የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ፣ መዳፍ የማይሞላ ዓሣ ገበያ መውጣት ጀምሮ ነበር። «ባዮሎጂ አጥንቼ ምክንያቱን አገኛለሁ፤ ተመልሼም እዚሁ ሐይቁ ላይ እሠራለሁ» ይል ነበር። እኔ የምፈልገው ነጭ ጋውን ለብሶ ማይክሮስኮፕ ላይ ማጎንበስ ነው። ከዚያ በላይ ግን ኬሚስትሪን እፈራ ነበር። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ቁልፉ የጠፋ አንድ ቁምሳጥን ነው፤ መምህራችን ቢዩሬት የሚባለውን መለኪያ ቱቦም፣ ከቢዩሬቱ የምትወርደውን ጠብታም በጠመኔ ስሎ ነው ያስተማረን።

ታዲያ ባዮሎጂ በውጤት ነው፣ የሚቀበለውም ጥቂት ሰው ነው የሚል ወሬ መጣ። የእኔ ውጤት ከእሱ በትንሹ ያንሳል። ወሬው እውነት ከሆነ እሱ ይገባል፣ እኔ ለጥቂት እቀራለሁ። እሱ ግን ፊቴን ሲያይ አላስቻለውም።

«አንተ ቀርተህ እኔ ብገባ ደስ አይለኝም» አለኝ። «ዕጣ እንጣል። ኬሚስትሪ የወጣበት ኬሚስትሪን አንደኛ አድርጎ ይሙላ፣ ቦታውን ለሌላው ይልቀቅ።»

«በውጤት እኮ ትበልጠኛለህ።»

«ውጤት የሰው ነው። ዕጣ የጌታ ነው።»

በእኛ አገር የመስኖ ውሃ ተራ እንኳ በዕጣ ነው። ደንቡ ደግሞ አንድ ነው፦ የራሱ የደረሰው ሰው የሌላውን ክፈትና አሳየኝ አይልም። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን እግዜርንም ተጠራጠረ ይባላል።

ዕጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከደብተሬ ሁለት ቁራጭ ቀደድኩ። በአንዱ ላይ «ኬሚስትሪ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለተኛውን ሳነሳ እጄ ያንኑ ደገመው። እጄ ስል ራሴን ላድን ነው፤ ያሰብኩት እኔ ነኝ። አጥፌ የእሱ ኮፍያ ውስጥ ጣልኳቸው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። በጸሎቱ ውስጥ የእኔን ስም ጠራ፤ «ለወንድሜ የሚሻለውን ስጠው» አለ። ከዚያ አንዱን አንስቶ ከፈተው፣ ቀጥሎም ፈገግ ብሎ «በቃ፣ ያንተ ባዮሎጂ ነው» አለኝ። አሳየኝ አላለም።

ዞር ሲልልኝ የቀረውን ወረቀት አፌ ውስጥ ከተትኩና አኝኬ ዋጥኩት። ቀለሙ ይመር ነበር።

የምደባው ዝርዝር ሲለጠፍ ባዮሎጂ ከእኔ ያነሰ ውጤት ያላቸውን ሁሉ ተቀብሎ አገኘሁት። ሁለታችንም መግባት እንችል ነበር። እሱም አጠገቤ ቆሞ አነበበው። «ጌታ ያውቃል» ብሎ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። ያን ጊዜ በጥፊ ቢመታኝ በስንት ጣዕሙ።

እሱ ጨንቻ ደጋው ላይ የኬሚስትሪ መምህር ሆነ። እኔም ጋውኔን አገኘሁ፤ የጠመኔ አቧራ መከላከያ የመምህር ጋውን። አንድ ጊዜ ጫሞ ዳር ዓሣ ሞቶ ተንሳፎ ተገኘና አባቱ ልከው አስጠሩኝ። ሽማግሌው አንዱን ዓሣ በጅራቱ አንጠልጥለው «አንተ የተማርከው ይሄን አይደለም?» አሉኝ። «ውሃው መመርመር አለበት» ብዬ ሹልክ አልኩ። ልጃቸው ቢሆን ኖሮ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በዋለ ነበር።

አባቴ ወንጌል ከተቀበለ ወዲህ ጎሜ የለም ይላል። ጎሜ ሰው ደብቆ የያዘው በደል ነው፤ አውጥቶ እስኪናገረው ድረስ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ማሳውን አይለቅም ይላሉ የጋሞ አባቶች። የለም ይበል እንጂ፣ አንድ ዓመት ሙዙ ሲደርቅበት አባቴ ምሳ ላይ በየተራ እያየን «የደበቃችሁት ነገር አለ እንዴ?» አለ። ወንድሞቼ ሳቁ። እኔ እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ።

ከዕጣው አሥር ዓመት ያህል አልፎ ጓደኛዬ ታናሽ እህቱን ይዞ የማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ መካከል ትዋልላለች።

«ዕጣዋን አንተ ጻፍላት» አለኝ። «የእኔንም የጻፍከው አንተ ነህ፤ እጅህ የተባረከ ነው።» ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ የወየበ ቁራጭ ወረቀት አወጣ። የእኔ ጽሕፈት ነው። «ለተማሪዎቼ ሁሉ አሳያቸዋለሁ፤ ያልመረጡትን መውደድ እንዲለምዱ።»

የዚያን ቀን ግን አንዱን ባዮሎጂ፣ አንዱን ኬሚስትሪ ብዬ ጻፍኩ፤ ደጋግሜም አየሁት። አጥፌ ኮፍያው ውስጥ ልጥላቸው ስል ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ሁለቱንም ልያቸው።»

«ምን ነካሽ?» አለ ወንድሟ።

«ምንም። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታይ ዕጣ ይጣላል እንዴ?»

ከፈተቻቸው፣ አነበበቻቸው፣ መልሳ አጠፈቻቸው። እሱ ከት ብሎ ሳቀ። «የዘንድሮ ልጆች እምነት የላቸውም! እኔ ያን ጊዜ መቼ አየሁ? የዚህን ሰው ዕጣ እኮ እስከ ዛሬ አላየ...»

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። አየኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን የጋውኔን ቁልፍ እነካካ ነበር። ሲያየኝ፣ ሲያየኝ ቆየና ዓይኑን ወደ እህቱ መለሰ።

«ተነሺ» አላት። «ዕጣ አያስፈልግሽም። የምትወጂውን ሙዪ።»

ሳይጨብጠኝ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የወየበውን ወረቀት ትቶልኝ ነበር።

አልጠየቀኝም፤ እኔም ሄጄ አልተናገርኩም። ከላንቴ ቀና ስል ጨንቻ ይታየኛል፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። አሁን ሁለቱም ወረቀቶች እኔ ዘንድ ናቸው፤ አንዱ የባዮሎጂ መጽሐፌ ውስጥ፣ አንዱ ሆዴ ውስጥ።