የነጎድጓዱ የመጀመሪያ አልበም

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚባለው እውነት ነው። እኔን ፀጉር ሠሪዋን ያወጣ ሆድ ያንን ጉረኛ ታናሽ ወንድሜንም አወጣ። መድረክ ላይ «ነጎድጓዱ» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሌላ ማን ያወጣለታል? ቤት ውስጥ ነጎድጓዱ በረሮ ሲያይ ወንበር ላይ ወጥቶ «እማዬ!» እያለ የሚጮህ የአርባ ዓመት ጎረምሳ ነው።

ቀን ቀን መስታወት ቤት ውስጥ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል። በሥራውስ አይታማም፣ እውነቱን ልናገር። ከሥራ መልስ ደግሞ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሮክ ይጫወት ነበር። ብዙ ዓመት አብረው ከዘለቁ በኋላ «ድምፄን አፈኑት» ብሎ ጥሏቸው ወጣ። በራሴ ግጥም፣ በራሴ ዜማ፣ ብቻዬን አልበም አወጣለሁ አለ። ብቻውን! እስቲ ይሄ ብቻውን የሚለው ነገር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

የቀረጸው እናታችን መኝታ ቤት ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብሎ ብርድ ልብሶቿን በሙሉ ግድግዳው ላይ ቸነከራቸው። እሷ ካፖርቷን ደርባ ሳሎን ሶፋ ላይ ከረመች። እሱ ሲዘፍን ፍሪጁ ይነቀላል። ሽንኩርት መጥበስ ክልክል ነው፤ መሳልም ክልክል ነው። ሳሏ ሲመጣባት መሀረብ አፏ ላይ ጠቅጥቃ በረንዳ ትወጣለች። እኔ በር ሳንኳኳ እንኳን «ቀስ በይ፣ ማሙሽ ሥራ ላይ ነው» ትለኛለች። ሸሚዙን የምታጥበው እሷ፣ የምትተኩሰው እሷ፣ ምሳውን የምትቋጥርለት እሷ። አንዱን ዘፈን ሊቀርጽ ሲል ግን «እማዬ፣ ይሄን እንዳትሰሚው፤ ሰርፕራይዝ ነው» ብሎ ወደ እኔ ቤት ላካት። ፊቷ በርቶ መጣች። «ስለ እኔ ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ።

ስለ እሷ ነበር። አይ፣ ስለ እሷስ ነበር!

አልበሙ የወጣ ሰሞን ፀጉሯን የማደርቅላት አንዲት ደንበኛዬ ስልኳን ከፍታ ትነፋረቃለች።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ይሄ ነጎድጓዱ የሚሉት ልጅ አንጀቴን በላው። ምስኪን! እናቱ በልጅነቱ ሞታበት፣ ሸሚዙን እንኳን የሚያጥብለት አጥቶ ነው ያደገው።»

ማድረቂያው እጄ ላይ ቀርቶ ጆሮዋን ሊጠብሳት ነበር። ቀረብ ብዬ አዳመጥኩ። ድምፁ የሱ ነው። ክፍሉ የእማዬ፣ ብርድ ልብሱ የእማዬ። እማዬ ግን መቃብር ውስጥ ናት። በቁሟ ቀብሯት ሲያበቃ አዝማች አበጅቶላታል። የሰው ያለህ!

ሥራዬን ጥዬ መስታወት ቤቱ ሄድኩ። «አንተ፣ እናቴን መቼ ነው የገደልክብኝ?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጎትቶ ጓሮ አስገባኝ።

«እትዬ፣ ቀስ በይ እንጂ። ሮክ ሀዘን ይፈልጋል። እናቴ ሸሚዜን ተኩሳ፣ ምሳዬን ቋጥራ ትሸኘኛለች ብዬ ልዝፈን?»

«አዎ! ምን አለበት?»

«ታዲያ ማን ያለቅስልኛል?»

«እሷስ? ስትሰማው ምን ልትል ነው?»

«ሰምታዋለች። ዜማው ያምራል አለችኝ።»

እማዬ ጋ ስደርስ ሸሚዙን እየተኮሰች ነበር። «አዎ፣ ዜማው ያምራል» አለች፣ ቀና ሳትል። ኮሌታውን ገልብጣ ተኩሳ ስትጨርስ፣ «ግን ምን አድርጌው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አልቅሼ ልሞት ነበር።

ከዚያ ወዲያ አላስቀመጥኩትም። አልበሙ በሚመረቅበት ዕለት መድረክ ላይ ጠርቷት «እናቴ ይቺውላችሁ፣ በሕይወት አለች» እንዲል አስማልኩት። ደረቱን መትቶ «እማዬ ትሙት!» አለ። ማለ እንግዲህ። ሰው ስንቴ ነው የሚሞተው?

ምረቃው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ለእማዬ ፀጉሯን ሠራሁላት። አዲስ ጫማ አደረገች፤ ይጠባታል፣ ግን አላወልቅም አለች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። «ስወጣ ምን ልበል?» እያለች ትነዘንዘኛለች። «ምንም አትበይ፣ እጅሽን ብቻ አውለብልቢ» አልኳት። ወንድሜ ጊታሩን ታጥቆ ሲጮህ ቆየ፤ እሷ በየዘፈኑ መሀል ጫማዋንና ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳዋን ታስተካክላለች፣ አሁን ጠራኝ፣ አሁን ጠራኝ ብላ።

በመጨረሻ የመድረክ መሪው ወጣ። «አሁን ሁላችን የምንጠብቀው ዘፈን ነው። ከዚያ በፊት ግን እናቱን ለማሰብ ለአንድ ደቂቃ በጸሎት እንቁም!»

አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ወንድሜን አየሁት። እሱም አየን፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እማዬን አይቷታል። ከዚያ አንገቱን ደፋ፤ ፀጉሩ ፊቱን ሸፈነለት። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት እማዬ ትከሻዬን ጫን አድርጋ ያዘችኝ። ተደግፋኝ ተነሣች። በዚያ በሚጠብ ጫማ ቀጥ ብላ፣ እጇን አጣምራ፣ እንደ ሰው ሁሉ ለራሷ ቆመች።

አጠገቧ ያለችው ሴት እንባዋን እየጠረገች፣ «ያውቋቸው ነበር እንዴ?» ብላ አንሾካሾከችላት።

«በደንብ።»

«ደግ ነበሩ፣ አይደል?»

«ደግስ ደግ ነበረች» አለች እማዬ፣ «ሞኝነት አበዛች እንጂ።»

ያን ቀን እሷው ጋ አደርኩ። ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን ነጎድጓዱ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ሱሪ ብቻ ለብሶ ብቅ አለ። «እማዬ! ሸሚዜ የታለ?» እሷ ዳቦዋን ቅቤ ትቀባለች። «እማዬ!» አለ ደግሞ። ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ ንገሪው እስቲ። እናቱ ሞታለች።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዳቦዋን በልታ ጨረሰችና መኝታ ቤቷ ገብታ፣ እዚያው ተቸንክረው የቀሩትን ብርድ ልብሶቿን ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ እየነቀለች አልጋዋ ላይ አነጠፈች። እሱ የትናንቱን ሸሚዝ ከቅርጫት አውጥቶ አሸተተው፤ ምን ያድርግ፣ ለበሰው።

አሁን ሸሚዙን ራሱ ያጥባል፤ የኮሌታው እድፍ ግን እምቢ ብሎታል። ምሳውን ከውጭ ይገዛል። ባለፈው ሳምንት እማዬ ጋ ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ ዘፈኑ በሬዲዮ መጣ። ላጠፋው ስነሣ «ተይው» አለችኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፣ «ሸሚዜን የሚያጥብልኝ አጣሁ» የሚለው ጋ ሲደርስም ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ገና» አለች፣ «ግጥሙም ልክ መጣ።»