እስክትደርስ አይጠረግም

ለጓደኛዬ ትኬት የቆረጠላት ሰውዬ «ከሐርጌሳ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ከአዲስ አበባ መቀሌ ሌላ አንድ ሰዓት ከምናምን» አላት። «በቃ?» አልኩ ከጎኗ ቆሜ። እኛ በጅግጅጋ በኩል ስንመጣ በመኪና ስንንገላታ ቀናት ፈጅቶብናል። ለካ በሰማይ ጎረቤት ኖረናል!

ሐርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ነበር የምንኖረው። ሁለታችንም ሰው ቤት እንሠራለን። እሷ የመቀሌ ልጅ ናት፣ እኔ የጎጃም። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ያገር ልጆች «እንዴት አንድ ጣራ ሥር ታድራላችሁ?» ይሉን ጀመር። «ኪራዩን ክፈሉልንና እንለያይ» እላቸዋለሁ። እሷ ግን ሳቋ ከጠፋ ቆይቷል። እናቷ ጋ የተወቻት ሴት ልጅ አለቻት። በጦርነቱ ተዘግቶ የነበረው የመቀሌ በረራ ሲከፈት ልጄን ሳላይ አልውልም አላድርም ብላ ተነሳች።

ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመችና «ቤቱን እንዳትጠርጊ» አለችኝ።

«አበድሽ እንዴ? ይሄ ይጠፋኛል?»

ሰው መንገድ ወጥቶ ሳይደርስ ከኋላው ቤት አይጠረግም፤ ከጠረግሽ እሱኑ ጠረግሽው ማለት ነው። የእሷም እናት የእኔም እናት ያሳደጉን እንዲህ እያሉ ነው።

ማታውን ከአዲስ አበባ ደወለች። «ነገ መቀሌ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የመቀሌ ስልክ ተቆረጠ፣ በረራውም ቆመ። ተሳፍራ ይሁን ሳትሳፈር፣ በሕይወት ትኑር አትኑር፣ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ።

ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስጠርግ እውልና ቤቴ ስገባ መጥረጊያ አልነካም። የሐርጌሳ አቧራ ደግሞ በተዘጋ በር የሚገባ ነው! በኋላ ሲብስብኝ በእኔ በኩል ያለውን ጠረግኩ። የእሷን አልጋ ሥር፣ ነጠላ ጫማዋ የተቀመጠበትን፣ እንዳለ ተውኩት።

አከራያችን በስደት ዘመናቸው ድሬዳዋ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚፈጥን የሐርጌሳ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ገብተው አዩና «ዋላሂ፣ ይሄ ቤት ነው የግመል በረት?» ብለው ጮኹብኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው በሳቅ ሞቱ። «አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ነው አንቺ! እስካሁን አሥር ጊዜ ደርሳ ተመልሳለች!»

«መድረሷን በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?» አልኩና እንባዬ ቀደመኝ።

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በእነሱ ጦርነት ጊዜ ከዚሁ ከሐርጌሳ የሚነሳ የገዛ መንግሥታቸው አውሮፕላን ይህንኑ ሐርጌሳን ይደበድብ እንደነበር ነገሩኝ። ገና ከመነሳቱ ከአናታቸው በላይ ይደርስ ነበር። እሳቸው ግን እስከ ድንበር ልጅ አዝለው በእግራቸው ሄዱ።

«ስመለስ የሚጠረግ ቤት አልነበረኝም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ አቧራው ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ባገራችን ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ከዚያ ሰላም ወረደ ተባለ፣ ስልክም ተከፈተ ተባለ። እኔ መደወል ፈራሁ። ምን ብለው ይነግሩኝ ይሆን እያልኩ ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ጠዋት በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የሕፃን ድምፅ ነው።

«አክስቴ» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። «እማዬ እያለቀሰች ነው፣ መናገር አቃታት። ቤቱን ጥረጊው በያት አለችኝ።»

«ደረሰች!» ብዬ እሪ አልኩ። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት አከራዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልኩን አዩና መጥረጊያውን አቀበሉኝ።